የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አመሠራረትና ሥራ

በሽታ በሰው ላይ ሁለት ዓይነት ሥቃይ ያመጣል። የመጀመሪያው በሽታው ራሱ በአካል ላይ የሚያደርሰው ሥቃይ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሰዎች የበሽታውን ጠባይ ባለማወቃቸው ምክንያት በሕመምተኛው ላይ የሚያደርሱት መገለል ነው። የመጀመሪያውን ሐኪም በመድኃኒት ሊያስታግሠው ይችላል፤ ሁለተኛው ግን በዕውቀት ካልሆነ በቀር በሌላ መድኃኒት አይድንም።

እነዚህን ሁለት ሥቃዮች አጣምሮ በመያዝ የሥጋ ደዌን የሚያህል በሽታ ጥቂት ነው። በኢትዮጵያም ሆነ በሌሎች አገሮች ሰዎች ይህን በሽታ አንዳንዴ ከወላጅ ወደ ልጅ በዘር የሚወርድ፣ አንዳንዴም የቁጣ ወይም የእርግማን ውጤት አድርገው ሲቆጥሩት ኖረዋል። በዚህም የተነሣ በሽታው የታየበት ሰው ከትዳሩ ይፈታ፣ ከርስቱ ይነቀል፣ ከማኅበሩና ከገበያው ይርቅ ነበር። ብዙዎችም ቀዬአቸውን ለቀው በአብያተ ክርስቲያናት ደጃፍና በመንገድ ዳር ምጽዋት እየለመኑ ለመኖር ተገደዋል። መገለሉን የፈሩ ደግሞ የመጀመሪያውን ምልክት ይደብቁ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው፣ የተደበቀው በሽታ ውስጥ ውስጡን ሲሠራ ቆይቶ እጅንና እግርን ካጎደለ በኋላ መገለጡ አይቀርም።

ስለዚህ የሥጋ ደዌን ለማሸነፍ ሕክምናና ምርምር ጎን ለጎን መሄድ አለባቸው። ሐኪም ቤት የታወቀውን መድኃኒት ለሕመምተኛው ይሰጣል። የምርምር ተቋም ግን ገና ያልታወቀውን ይጠይቃል፤ ይለካል፤ ይመዝናል፤ ያገኘውንም ለሐኪሙ ያስተላልፋል። በአዲስ አበባ ከተማ ዘነበወርቅ በተባለው ሠፈር የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ሀ. የበሽታው ጠባይና የሐንሰን ግኝት

ተቋሙ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1841 በኖርዌይ አገር፣ በበርገን ከተማ በተወለደው ሐኪም በጌርሃርድ ሄንሪክ አርማወር ሐንሰን ስም ነው። በዚያ ዘመን የሥጋ ደዌ የሞቃት አገሮች በሽታ ብቻ አልነበረም፤ በኖርዌይ ምዕራባዊ ጠረፍ የሚኖሩ ድሆች ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆችም ይያዙ ነበር። የኖርዌይ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1856 ሕመምተኞች የሚመዘገቡበት አገር አቀፍ መዝገብ አቋቁሞ ነበር። ሐንሰን በዚህ መዝገብ እየተረዳና በየመንደሩ እየተዘዋወረ የሕመምተኞችን ሁኔታ ሲያጠና፣ በሽታው በዘር የሚወርድ ሳይሆን ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ መሆን አለበት ወደሚል አሳብ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1873 ከሕመምተኞች አካል የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲመለከት በትር የሚመስሉ ረቂቅ ነገሮች አየ። እነዚህ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያዎች ነበሩ። የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ሮበርት ኮኽ ለዓለም ያስታወቀው ከዚህ ዘጠኝ ዓመት ያህል ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1882 መሆኑ ሲታሰብ የሐንሰን ግኝት ምን ያህል ቀዳሚ እንደ ነበረ ይታወቃል።

ይህ ባክቴሪያ የሚመርጠው ከሰውነት ክፍሎች ይልቁን ቀዝቀዝ የሚሉትን ነው። ስለዚህም በቆዳ፣ በአፍንጫና ከቆዳ ሥር ቀረብ ብለው በሚያልፉ ነርቮች ውስጥ ይኖራል። ብዙ ሰዎች በሽታው ጣትን እየበላ የሚጥል ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ነርቭ ሲጎዳ እጅና እግር ሥቃይን የመስማት ኃይላቸውን ያጣሉ። እንዲህ የሆነበት ሰው የጋለ ድስት ሲያነሣ እጁ መቃጠሉን አያውቅም፤ በጫማው ውስጥ የገባ ጠጠር ወይም እሾህ ሲወጋውም አይሰማውም። ቁስሉ ሳይታከም ይሰነብታል፤ ይመረቅዛል፤ እስከ አጥንትም ይደርሳል። ስለዚህ አካልን የሚያጎድለው ከባክቴሪያው ይበልጥ፣ ሳይሰማ የቀረው ሥቃይ ነው ለማለት ይቻላል።

ሐንሰን ባክቴሪያውን ቢያገኝም ከእርሱ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ወደ ፊት መራመድ አልቻሉም። ለዚህም ሦስት ዋና ዋና ምክንያቶች ነበሩ። አንደኛ፣ ሌሎች ብዙ ባክቴሪያዎች በቤተ ሙከራ ውስጥ በሚዘጋጅላቸው ምግብ ላይ ሲራቡ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ግን ከሕይወት ካለው ሰውነት ውጭ አልራባም አለ። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ባክቴሪያዎች በ20 ደቂቃ ውስጥ ከአንድ ወደ ሁለት ሲከፈሉ ይህኛው ለዚሁ ሥራ 12 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ሦስተኛ፣ ባክቴሪያው ወደ ሰውነት ከገባበት ጊዜ አንሥቶ ምልክቱ እስኪታይ ድረስ ብዙውን ጊዜ አምስት ዓመት ያህል፣ አልፎ አልፎም 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ሕመምተኛው በሽታው ከማን፣ የትና መቼ እንደ ተላለፈበት ሊናገር አይችልም።

እነዚህ መሰናክሎች ቀስ በቀስ መቃለል የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1960 ቻርልስ ሼፐርድ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ባክቴሪያውን በአይጥ መዳፍ ላይ ለማራባት መቻሉን ካስታወቀ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ አርማዲሎ በተባለው፣ በአሜሪካ አህጉር በሚኖርና ጀርባው ጋሻ በመሰለ ቅርፊት በተሸፈነ እንስሳ ሰውነት ውስጥ ባክቴሪያው በብዛት እንደሚራባ ታወቀ። ለሙከራ የሚሆን በቂ ባክቴሪያ የተገኘው ከዚህ በኋላ ነው።

ለ. የተቋሙ አመሠራረት

እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ማዕከል ተቋቋመ። ዓላማውም ሕመምተኞችን ማከም፣ አካላቸው የጎደለውን መልሶ ማቋቋምና ከአፍሪካ አገሮች ለሚመጡ የጤና ሠራተኞች ሥልጠና መስጠት ነበር። ማዕከሉ የቆመበት የዘነበወርቅ አካባቢ ከዚያ በፊትም የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች የሚታከሙበትና ከየቀዬአቸው የተገለሉት ተሰባስበው የሚኖሩበት ሠፈር ነበር።

በአለርት የሚሠሩ ሐኪሞች በየቀኑ መልስ የሌላቸው ጥያቄዎች ይገጥሟቸው ነበር። ከአንድ ሕመምተኛ ጋር በአንድ ቤት ከሚኖሩት ሰዎች መካከል አንዱ ሲያዝ ሌሎቹ የማይያዙት ለምንድን ነው? ሕመምተኛው መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደ ሳለ እጁ በድንገት የሚሽመደመደውስ ለምንድን ነው? እነዚህን የመሳሰሉ ጥያቄዎች ለመመለስ የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ከኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1970 የአርማወር ሐንሰንን የምርምር ተቋም ከአለርት ሐኪም ቤት አጠገብ አቋቋሙ።

ቦታው በዚህ ሁኔታ መመረጡ ትልቅ ትርጉም ነበረው። ቀደም ሲል ስለ ሞቃት አገሮች በሽታዎች ይደረግ ከነበረው ምርምር ብዙው የሚካሄደው ናሙናው ባሕር ተሻግሮ በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ ቤተ ሙከራዎች ነበር። የአርማወር ሐንሰን ተቋም ግን ቤተ ሙከራውን ሕመምተኛው ወዳለበት አመጣው። ጠዋት በሐኪም ቤቱ የተቀዳ ደም ሳይበላሽ በዚያው ቀን ይመረመራል። ተመራማሪው የናሙናውን ባለቤት በዓይኑ ያየዋል፤ ሐኪሙም የምርመራው ውጤት ግልጽ ካልሆነለት ግቢውን ተሻግሮ መጠየቅ ይችላል።

ሐ. ለትርፍ ያልቆመ ተቋም አደረጃጀት

ለትርፍ ያልቆመ ተቋም ማለት ገንዘብ የማያስፈልገው ተቋም ማለት አይደለም። የምርምር ሥራ እንዲያውም ብዙ ወጪ አለበት። ማይክሮስኮፕና ማቀዝቀዣ፣ ኬሚካልና የመስታወት ዕቃ መግዛት፣ ለሠራተኞችም ደመወዝ መክፈል ግዴታ ነው። ልዩነቱ ያለው በገንዘቡ አመጣጥና አጠቃቀም ላይ ነው። ነጋዴ ገንዘቡን በአንድ ሥራ ላይ የሚያውለው መልሶ አትርፎ ለመውሰድ ነው። ለትርፍ ባልቆመ ተቋም ውስጥ ግን ትርፍ የሚከፋፈል ባለ አክሲዮን የለም፤ ከወጪ የተረፈ ገንዘብ ቢኖር ተመልሶ በሥራው ላይ ይውላል።

ይህ አሠራር ለሥጋ ደዌ ምርምር አስፈላጊ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። በበሽታው የሚያዙት በአብዛኛው ድሆች ናቸው። ድሃ ሕመምተኛ መድኃኒት የመግዛት አቅም ስለሌለው አትራፊ ኩባንያ ለእርሱ አዲስ መድኃኒት ለመፈለግ ብዙ ገንዘብና ዘመን ለማጥፋት አይጓጓም። ገበያው ችላ ያለውን ጥያቄ የሚያነሣ ሌላ አካል ካልተገኘ ጥያቄው ሳይነሣ ይቀራል። የአርማወር ሐንሰን ተቋም ለብዙ ዓመታት የቆየው ከኖርዌይና ከስዊድን ሕዝቦችና መንግሥታት በተገኘ ርዳታ ነው።

የሰው ገንዘብ የተቀበለ ተቋም ገንዘቡን በምን ላይ እንዳዋለ መልስ መስጠት አለበት። ስለዚህ እንዲህ ያለው ተቋም ሥራውን በተለያዩ አካላት መካከል ይከፋፍላል። ቦርዱ የተቋሙን ዓላማና በጀት ይወስናል፤ ሒሳቡም በየዓመቱ እንዲመረመር ያደርጋል። ዳይሬክተሩ የዕለት ተዕለቱን ሥራ ይመራል። የሳይንስ አማካሪዎች ጉባኤ ከተቋሙ ውጭ ያሉ ሊቃውንትን ይይዛል፤ የእነርሱም ተግባር የታቀደው ጥናት ሊደክሙበት የሚገባ መሆን አለመሆኑን መመዘን ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ደግሞ በጥናቱ የሚሳተፉት ሰዎች መብትና ደኅንነት መጠበቁን ይመረምራል። ይህ ኮሚቴ ሳይፈቅድ ማንም ተመራማሪ፣ የቱንም ያህል ስመ ጥር ቢሆን፣ ከማንም ሰው ጠብታ ደም ሊወስድ አይችልም።

ከእነዚህ በታች ሥራውን በእጃቸው የሚሠሩት ይገኛሉ። ነርሶች ሕመምተኞችን ያነጋግራሉ፤ ናሙናም ይሰበስባሉ። የቤተ ሙከራ ቴክኒሻኖች ናሙናውን ያዘጋጃሉ፤ ይመረምራሉ። መዝገብ ያዦች እያንዳንዱን ውጤት በቁጥርና በቀን ይጽፋሉ። የጥገና ሠራተኞች መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩን ያስነሣሉ፤ ማቀዝቀዣው ለአንድ ሌሊት ቢቆም የብዙ ዓመታት ናሙና ሊበላሽ ይችላልና። በምርምር ተቋም ውስጥ ስሙ በመጽሔት ላይ የሚወጣው ጥቂት ሰው ቢሆንም ከበስተኋላው ያለው የብዙ ሰው ድካም ነው።

መ. ጥያቄ ወደ መልስ የሚደርስበት መንገድ

የተቋሙን አሠራር በአንድ ምሳሌ ማሳየት ይቻላል። በሥጋ ደዌ የሚያዘው ሰው ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ በሽታው በቀላሉ የማይተላለፍ ነው ተብሎ ይገመት ነበር። ነገር ግን ሰው አልታመመም ማለት ባክቴሪያው ወደ ሰውነቱ አልገባም ማለት ነውን? ይህን ለማወቅ በተቋሙ ይሠሩ የነበሩት ኖርዌያዊው ዶክተር ቶሬ ጎዳል ከሥራ ባልደረባቸው ጋር አንድ ጥናት አካሄዱ።

ዘዴው የተመሠረተው ነጭ የደም ሕዋሳት ባላቸው የማስታወስ ችሎታ ላይ ነው። እነዚህ ሕዋሳት የሰውነት ዘብ ጠባቂዎች ናቸው። አንድን ጀርም አንድ ጊዜ ካወቁት በኋላ እንደገና ሲገናኙት ለመዋጋት ፈጥነው ይራባሉ። ስለዚህ ከአንድ ሰው ደም ነጭ ሕዋሳትን ለይቶ ከተገደሉ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያዎች ጋር በአንድ ላይ ማቆየት ይቻላል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሕዋሳቱ ተራብተው ከተገኙ ባክቴሪያውን አስቀድመው ያውቁታል ማለት ነው፤ ካልተራቡ ግን አያውቁትም ማለት ነው።

ተመራማሪዎቹ ከሕመምተኞች ጋር ግንኙነት ያልነበራቸውን ሰዎች ከሕመምተኞች ጋር ከሚኖሩና ከሚሠሩ ጤነኞች ጋር አነጻጸሩ። ከሕመምተኞች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ ከቆዩት ጤነኞች መካከል ግማሽ ያህሉ ነጭ ሕዋሶቻቸው ባክቴሪያውን የሚያውቁ ሆነው ተገኙ። ከእነዚህ ሰዎች ግን አንዱም የበሽታው ምልክት አልነበረበትም። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዝ አገር በሚታተም የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ።

ከዚህ ውጤት የሚገኘው ትምህርት ላይ ላዩን ሲያዩት የሚያስፈራ፣ ጠልቀው ሲያስቡት ግን የሚያጽናና ነው። ባክቴሪያው ከሚገመተው በላይ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ይሁን እንጂ የአብዛኛው ሰው ሰውነት ድል ይነሣዋል። ዛሬ እንደሚታወቀው ከ100 ሰዎች መካከል 95 ያህሉ የሥጋ ደዌን በተፈጥሮ የመከላከል ኃይል አላቸው። እንግዲህ የበሽታው መነሻ የሕመምተኛው ኃጢአትም ሆነ የቤተሰቡ እርግማን አይደለም። ጎረቤቱ ባክቴሪያውን ሳያውቀው ተቀብሎ ሳያውቀው አሸንፎታል፤ ሕመምተኛው ግን የሰውነቱ ዘቦች ሳይበረቱለት ቀርተዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ብቻ ነው።

ሠ. መድኃኒትና ነርቭ

እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ ዳፕሶን የተባለ መድኃኒት ለሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ይሰጥ ነበር። መድኃኒቱ ርካሽ ስለሆነ ለብዙ ሰው ተዳርሷል። ሆኖም ለብዙ ዓመታት፣ ለአንዳንዱም ዕድሜ ልክ ሳያቋርጡ መዋጥን ይጠይቅ ነበር። ይህም ብቻ አይደለም፤ አንድ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ በጣም ብዙ ከሆኑት ባክቴሪያዎች መካከል መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ጥቂቶች ይተርፋሉ፤ የተረፉትም ይራባሉ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአለርት ከሚታከሙት መካከል ዳፕሶን የማይበግረው ባክቴሪያ ያለባቸው ሰዎች ተገኙ። ተመሳሳይ ችግር በሌሎች አገሮችም ታየ።

በዚህ ምክንያት የዓለም የጤና ድርጅት ያሰባሰባቸው ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1981 ዳፕሶን፣ ሪፋምፒሲንና ክሎፋዚሚን የተባሉት መድኃኒቶች በጥምር እንዲሰጡ መከሩ። አሳቡ ቀላል ነው፤ ከአንዱ መድኃኒት ያመለጠው ባክቴሪያ ከሌላው አያመልጥም። በዚህ ሕክምና ሕመምተኛው እንደ በሽታው ዓይነት በ6 ወይም በ12 ወራት ይድናል፤ መድኃኒቱን ከጀመረ በኋላም ብዙ ሳይቆይ በሽታውን ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፉን ያቆማል። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ መድኃኒቱ በዓለም ዙሪያ ለሕመምተኞች በነፃ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በዓለም ላይ ከ5,000,000 በላይ የነበረው የተመዘገበ ሕመምተኛ ቁጥር ከዚያ ወዲህ እጅግ ቀንሷል።

ሌላው ከባድ ጥያቄ የነርቭ ጉዳት ነበር። ሕመምተኛው መድኃኒቱን እየወሰደ፣ ባክቴሪያውም እየሞተ ሳለ አንዳንድ ጊዜ ቆዳው በድንገት ይቀላል፤ ነርቮቹ ያብጣሉ፤ እጁ ወይም እግሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሰንፋል። ብዙ ሕመምተኞችም መድኃኒቱ የጎዳቸው እየመሰላቸው ሕክምናውን ያቋርጡ ነበር። የአርማወር ሐንሰን ተቋምና የአለርት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባካሄዷቸው ጥናቶች፣ በእንዲህ ያለ ጊዜ የነጭ ሕዋሳቱ የመዋጋት ኃይል በድንገት እንደሚጨምር አሳዩ። ነርቩን የሚጎዳው የሰውነቱ ዘብ ጠላትን ሲወጋ በዚያው የራሱንም ቤት ስለሚያፈርስ ነው። ይህ መታወቁ ለሐኪሙ ግልጽ መመሪያ ሰጠው። የባክቴሪያውን መድኃኒት ሳያቋርጥ ቁጣውን የሚያበርድ ሌላ መድኃኒት ይጨምራል። ሕመምተኛው በቶሎ ከመጣ እጁ ሊተርፍለት ይችላል፤ ከዘገየ ግን ጉዳቱ ሳይመለስ ይቀራል።

ረ. የሕመምተኛው ፈቃድ

ምርምር ዕውቀትን ቢያመጣም ሁሉ ነገር የተፈቀደለት አይደለም። ይህን የሚያስተምር ታሪክ ከሐንሰን ከራሱ ሕይወት ይገኛል። ሐንሰን ያገኘው ባክቴሪያ በእርግጥ የበሽታው መነሻ መሆኑን ሊያረጋግጥ ስላልቻለ ይጨነቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1879 ከአንድ ሕመምተኛ የተወሰደ ናሙና ሌላ ዓይነት የሥጋ ደዌ በነበረባት አንዲት ሴት ዓይን ላይ፣ ፈቃድዋን ሳይጠይቅ፣ በመሣሪያ ወግቶ ለማስገባት ሞከረ። ሴትዮዋ በዚህ ምክንያት አዲስ በሽታ ባይደርስባትም ነገሩ ለፍርድ ቤት ቀረበ። ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1880 ሐንሰን ከሐኪም ቤቱ ሥራው እንዲሰናበት ወሰነ። ታላቅ ግኝት ያስገኘ ሊቅ መሆኑ ያልተማረችውን ድሃ ሴት መብት ለመድፈር ምክንያት ሊሆነው አልቻለም።

ከዚህ ዘመን ጀምሮ ሕጉ እየጠነከረ መጥቷል። ዛሬ በአንድ ጥናት ውስጥ የሚሳተፍ ሰው የጥናቱ ዓላማ፣ ሊያስከትል የሚችለው ጉዳትና የሚያስገኘው ጥቅም በሚያውቀው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ካመነበት ይሳተፋል፤ ካላመነበት ይቀራል፤ ከጀመረ በኋላም ማቋረጥ ይችላል። አልሳተፍም በማለቱ ሕክምናው አይጓደልበትም። ይህ ደንብ በተለይ ለሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ትልቅ ክብር ነው። ሌላው ሰው ፈቃዱን ሳይጠይቅ ከቤቱ ሲያስወጣው የኖረ ሰው በዚህ ስፍራ ፈቃዱ ይጠየቃል።

ሰ. ያልተሳካ ውጤትና የዛሬው ሥራ

የምርምር ተቋም የሚመዘነው ባስገኘው ድል ብቻ አይደለም፤ ያልተሳካለትንም በእውነት በመናገሩ ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከልዩ ልዩ አገሮች የተውጣጡ ተመራማሪዎች በዓለም የጤና ድርጅት አስተባባሪነት የሥጋ ደዌ ክትባት ለማግኘት ብዙ ደክመዋል። በአርማዲሎ ሰውነት ውስጥ ተራብተው የተገደሉ ባክቴሪያዎች፣ ለሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ከሚሰጠው ከቢ.ሲ.ጂ. ክትባት ጋር ተደባልቀው በደቡብ አሜሪካ፣ በቬኔዙዌላ አገር ተሞከሩ። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ውጤት ድብልቁ ቢ.ሲ.ጂ. ብቻውን ከሚሰጠው መከላከያ የበለጠ አለመስጠቱን አሳየ። ተስፋው ትልቅ፣ ድካሙም ረጅም ነበር፤ ይሁን እንጂ ውጤቱ ሳይደበቅ ታተመ። በዚህም ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ መንገድ ደግመው እንዳይደክሙበት ተረዱ። ትርፍ የማይጠብቅ ተቋም እንዲህ ያለውን እውነት ለመናገር የሚያግደው ነገር ሊኖር አይገባም።

የአርማወር ሐንሰን ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 በኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር ሆነ። የጥናቱም መስክ ሰፋ። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የቅርብ ዘመድ ከሆነው ከሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ሌላ፣ በኢትዮጵያ በብዛት የሚታየውን የዕጢ ነቀርሳን፣ ወባን፣ ካላ አዛርንና ቁንጭርን ይመረምራል። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜም ናሙና በመመርመር ተሳትፏል። ከዚህም በላይ ከዩኒቨርሲቲዎች የሚመጡ ወጣት ኢትዮጵያውያን በቤተ ሙከራው ውስጥ ጥናታቸውን ያካሂዳሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥናቶቹን የሚመሩት በአብዛኛው ከውጭ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ በኋላ ግን የአመራሩን ሥራ ኢትዮጵያውያን ተረክበዋል። አንድ ተቋም ከሚያፈራቸው ፍሬዎች መካከል የሠለጠነ ሰው ዋነኛው ነው፤ መሣሪያ ያረጃል፤ ርዳታም ይቋረጣል፤ የተማረ ሰው ግን ሌላውን ያስተምራል።

የሥጋ ደዌ ገና ከዓለም አልጠፋም። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ150,000 በላይ፣ በኢትዮጵያም ከ2,000 በላይ አዳዲስ ሕመምተኞች ይገኛሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ሕፃናት ናቸው። መድኃኒቱ በነፃ እየተሰጠ ሰው እጁ ከሰነፈ በኋላ ወደ ሐኪም ቤት የሚመጣው ስለ ሁለት ነገር ነው፤ አንድም ምልክቱን ባለማወቁ፣ አንድም ጎረቤቱን በመፍራቱ። በቆዳው ላይ የደበዘዘና መርፌ ቢነካው የማይሰማ ምልክት ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ቢሄድ አካሉ ሳይጎድል ይድናል። ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት በቤተ ሙከራ ያገኙት ዕውቀት ፍሬ የሚያፈራው በየመንደሩ ያለው ሰው ይህን ሲያውቅና ጎረቤቱንም መፍራት ሲተው ነው።

የቃላት ፍች

መገለል፦ ከሰው ተለይቶ ለብቻ መሆን፤ መራቅ።
ናሙና፦ ለምርመራ የሚወሰድ ጥቂት ነገር፤ ለምሳሌ ደም ወይም የቆዳ ቁራጭ።
ቤተ ሙከራ፦ የሳይንስ ምርመራ የሚካሄድበት ክፍል ወይም ቤት።
ዘብ፦ ጠባቂ፤ ጠላት እንዳይገባ የሚከላከል።
ሰነፈ፦ (ስለ አካል ሲነገር) ኃይል አጣ፤ መንቀሳቀስ ተሳነው።
ሳይውል ሳያድር፦ ሳይዘገይ፤ ወዲያውኑ።

ጥያቄዎች

1. በምንባቡ መሠረት በሽታ በሰው ላይ የሚያመጣቸው ሁለት ሥቃዮች ምንና ምን ናቸው? ሁለተኛው በምን ይድናል?
2. በሐኪም ቤትና በምርምር ተቋም ሥራ መካከል ያለውን ልዩነት በሁለት ዐረፍተ ነገሮች ግለጹ።
3. የሥጋ ደዌ አካልን የሚያጎድለው እንዴት ነው?
4. አትራፊ ኩባንያ ስለ ሥጋ ደዌ ምርምር ለማካሄድ የማይጓጓው ለምንድን ነው?
5. እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው ጥናት ስለ ሕመምተኛውና ስለ ጎረቤቱ ምን ያስተምራል?
6. «የምርምር ተቋም ያልተሳካለትንም በእውነት መናገር አለበት» በሚለው አሳብ ላይ አንድ አጭር ድርሰት ጻፉ።